የማይቃጠለው ፊውዝ

ልብስ ሰፊው ወደ ዕቃ መሸጫው ሱቅ ጎራ ያለው ለአንዲት ቁራጭ ሽቦ ነበር። ከጓሮ ያለችው የኪራይ ክፍል ቀለም ተቀብታ፣ መስኮቷ ተወልውሎ፣ ተከራይ ተገኝቶላታል። ዳቦ ጋጋሪው ከነሚስቱና ከነሕፃኑ በማግስቱ ሊገባባት ዕቃውን ሸክፎ ይጠብቃል። የቀረው ያ ነጋ ጠባ የሚቃጠል ፊውዝ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው፤ መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ። ተረበኞች «ሲተኛም አያወልቀውም» ይሉ ነበር። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ግን ተረቡም ቀዝቅዟል። የሐዘን ኮቱን ራሱ ሲሰፋው አንዱ እጅጌ ከሌላው አጠረበት፤ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ልክ ሲያስተካክል ለኖረ ሰው ግን ይህን ደፍሮ የነገረው አልነበረም።

«ወፈር ያለ ሽቦ ስጠኝ» አለው ባለሱቁን። «ለፊውዝ። የማይቃጠል ይሁን።»

«የማይቃጠል ከፈለጉማ ጋሽ ሜትር፣ የበር ቁልፍዎን ይሰኩበት!» ባለሱቁ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

«አንተ ሽቦውን ስጠኝ። ምክሩን ለሌላ ደንበኛ አስቀምጥ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሼ?» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

ድምፁን ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም። ጭራሮ ናት፤ የባለቤቱ የእህት ልጅ። ቅጥነቷን አይታ ይህን ስም ያወጣችላት ሟቿ አክስቷ ነበረች። ኤሌክትሪክ ተምራ፣ ዛሬ ያረጁና የሚከራዩ ቤቶችን መስመር እየዞረች የምትመረምር ባለሙያ ሆናለች። ከቀብሩ ወዲህ ግን ፊት ለፊት አልተያዩም። እሱ ሸሽቷታል፤ መሸሹም ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ተማሪ ሳለች፣ አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ እጇን ስትታጠብ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ነዘራት። «ጋሼ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም፤ መስመሩን አስመርምሩት። ካልሆነም አስተማሪዬን ይዤ ልምጣ» ብላ ነበር። እሱ ግን፣ «ቤቴን የመለማመጃ ደብተር ልታደርጊው ነው?» ብሎ ሳቀባት። አክስቷም አብራ ሳቀች። ያ ሳቅ ለሁለቱም ዛሬ ድረስ በጆሯቸው አለ፤ አንዳቸው ለሌላው ግን አንስተውት አያውቁም።

ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥቅልሏ ሽቦ በልብስ ሰፊው መዳፍ ውስጥ ናት።

«ከስተዋል» አለች።

«አንቺስ መቼ ወፍረሽ ታውቂያለሽ?»

ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ዓይኗ ወደ ሽቦው ሄደ። «ክፍሏን ሊያከራዩዋት ነው አሉ። ለባለሕፃኑ ዳቦ ጋጋሪ።»

«ወሬ እንዴት ይሮጣል! አዎ፣ ለእሱ ነው። ጨዋ ሰው ነው።»

«ጨዋነቱን አልተጠራጠርኩም። ይቆጡኝ እንደሆነም ይቆጡኝ፤ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ይመርመር እላለሁ። መታጠቢያ ቤቱን የሚጋራ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ጀመርሽ። ልጄ፣ ያ ቤት አባቴ የሠራው ነው። እኔ ተወልጄበታለሁ፣ ተድሬበታለሁ። የስንቱ አዲስ ፎቅ ግድግዳ ሲሰነጠቅ እሱ ንቅንቅ አላለም።»

«ግድግዳው ጎበዝ ነው፤ እሱን ማን ነካው? ሽቦው ግን እንደ ግድግዳው አይደለም ጋሼ። ልባሱ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አይጥም ትበላዋለች። ደግሞ አባትዎ ያን መስመር ሲያስገቡ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጥቂት አምፖልና አንድ ራዲዮ ነው። ዛሬ ማቀዝቀዣው፣ ካውያው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ የተከራዮቹ ምድጃ፣ ሁሉም የተንጠለጠለው በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው።»

«ተከራዮቼ አንድም ቀን አቤት ብለው አያውቁም።»

«ስለሚወዱዎት ነዋ! ኪራይ አልጨመሩባቸውም፣ ሲቸገሩ ታግሠዋቸዋል። ማን ደፍሮ ቤትዎ ነከሰኝ ይላል? ከተከራዮችዎ ነርሷ ስትገባ የቀድሞዋ ተከራይ ምን ብላ እንደመከረቻት ያውቃሉ? ‹ቧንቧውን በፎጣ ያዢው፣ ነጠላ ጫማሽን አታውልቂ› ነው ያለቻት። እንዲህ እየተቀባበሉ ነው የኖሩት። እስቲ እርስዎ ራስዎ፣ ቧንቧ በፎጣ የሚከፈትበት ሌላ ቤት አይተው ያውቃሉ?»

እሱም በፎጣ ነበር የሚከፍተው። ባለቤቱማ ለፎጣው ከቧንቧው አጠገብ መስቀያ አስመትታለት ነበር። «ነዘር ያደርገኛል» ስትል «የቁርጥማት ነው» ይላታል። «ቁርጥማት ቧንቧ ስነካ ብቻ ነው እንዴ የሚነሣብኝ?» ብላ ትስቃለች። ሰው ከክፉ ነገር ጋር አብሮ ውሎ ሲያድር እንዲህ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ የሚያስፈራው ነገሩ ሳይሆን፣ ነገሩን ስሙን ጠርቶ የሚናገር ሰው ይሆናል።

«እናንተ መርማሪዎች ደግሞ» አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ካቻቢቴ ይዛችሁ ሰው ጓዳ ከገባችሁ ጥፋት ሳታገኙ አትወጡም። ካላገኛችሁ ሥራ ፈታችኋ!»

«ያለ ጥፋት የወጣሁባቸው ቤቶችማ ብዙ ናቸው። ደኅና ነው ብዬ ፈርሜ ስወጣ ባለቤቶቹ ያን ሌሊት እንዴት እንደሚተኙ ቢያዩ! ይልቅ ይሄ ሽቦ ለምንድነው?»

«ለፊውዙ። የቀድሞው ወፍራም ሽቦ ቀለም ሲቀባ ሳጥኑ ተነካክቶ ወልቆ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያስገባሁት ቀጭን ሁሉ ወዲያው ጧ ይላል። ደጋግሞ የሚተረተርን ስፌት በድርብ ክር ነው የምሰፋው፤ ይኸውልሽ ድርቡ።»

ጭራሮ ሽቦዋን ከመዳፉ በቀስታ ወሰደችና አገላበጠቻት። «ጋሼ፣ አንድ የሙያዎን ነገር ልጠይቅዎት። የኮት ቁልፍ በምን ክር ይሰፋል?»

«በቁልፍ ክር ነዋ።»

«ለምን በዓሣ ማጥመጃ ናይለን አይሰፋም? እሱ አይበጠስም።»

«ምን ዓይነቱ ጅል ነው እንዲያ የሚሰፋ? ቁልፉ በር እጀታ ላይ ቢያዝ፣ ክሩ አልበጠስም ካለ ጨርቁ ይቀደዳል። ክሩ መበጠስ አለበት፤ ቁልፍ መልሰሽ ትተክያለሽ፣ የተቀደደ ኮት ግን...» እጇ ላይ ያለችውን ሽቦ አየ።

እሷ ሽቦዋን መልሳ መዳፉ ውስጥ አኖረች። ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ስላወቀች በመርታቷ አልተደሰተችም።

«ፊውዙ ክሩ ነው» አለ ልብስ ሰፊው ለራሱ እንደሚያወራ።

«አዎ። ችግር ሲኖር ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን ያድናል። ነጋ ጠባ ሲቃጠል የነበረው ‹አንድ ቦታ የማይሆን ነገር አለ፣ ፈልጉልኝ› እያለ ነው።»

«እኔ ደግሞ ወፍራም ሽቦ አስገብቼ ዝም አሰኘሁት።»

«አላወቁም ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር እኮ!» አለ ድንገት። ባለሱቁ ከውስጥ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አክስትሽን ሐኪሙ ልቧ ነው ብሏል። ልቧ ቆመ አለን። አንቺም ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ልቧ መቆሙ እውነት ነው ጋሼ። ያቆመው ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። መታጠቢያ ቤት ወድቃ እንዳገኟት እያወቅሁ እኔም አልጠየቅሁም። ይሄ ሥራዬ ሆኖ።»

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ከቀብሩ ጀምሮ ማንም እንዳይሰማበት የደበቀውን ተናገረ።

«ብትመረምሪው ሁለት ነገር ነው። ምንም ካላገኘሽ፣ ልቧ ነው እንዳልኩ እኖራለሁ። ካገኘሽ ግን... በዚያ ቤት እንዴት ብዬ ልደር? በየትኛው ዓይኔ ፎቶዋን ልየው? አንቺን የሸሸሁት ለዚህ ነው። ጠልቼሽ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ጭራሮ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔም ባላውቀው እመርጥ ነበር። እትዬን ምርመራ አይመልሳትም። ብቻ ነገ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሕፃኑን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ያንን ቧንቧ ትከፍታለች። የፎጣውን ነገር ማንም ገና አልነገራትም።»

ልብስ ሰፊው ከአግዳሚው ተነሣ። ሽቦዋን ባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ መልሶ አኖራት። «ወስደህ ለልብስ ማስጫ ሽጣት» አለውና ከጭራሮ ጋር ወደ ቤቱ አቀና።

ምርመራው እሱ እንደፈራው ጓዳ ብርበራ አልነበረም። ጭራሮ መጀመሪያ ዋናውን መስመር አጠፋች። የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተች፤ የየክፍሉን ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት እየፈታች አየች፤ በመሣሪያዋ ለካች፤ ያየችውን ሁሉ እየጠራች ነገረችው። ከሳሎኑ ሶኬት አንዱ ከውስጥ ጠቁሯል፤ መጋረጃው ደግሞ ልክ በላዩ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከጓሮዋ ክፍል የገባው መስመር ተቀጥሎ የታሰረው በላስቲክ ነው። ቀጭኑን የፊውዝ ሽቦ አሁን የሚያቃጥለው የዕቃው ብዛት ነው። በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ደረሰች።

የውሃ ማሞቂያውን ክዳን አውርዳ ብዙ ቆየች። ልብስ ሰፊው ከደጃፉ ቆሞ ጀርባዋን ነበር የሚያየው። ትከሻዋ ሲወርድ አየ።

«ተናገሪ» አላት።

«የማሞቂያው ሆድ ተበልቷል። ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ቧንቧው ያልፋል። ድሮ ይሄ የመሬት ሽቦ እየሳበ ወደ መሬት ይወስደው ነበር፤ ለዚህ ነው ፊውዙ ይቃጠል የነበረው። ወፍራሙ ሽቦ ከገባ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ቀስ በቀስ የመሬት ሽቦውም ከመጋጠሚያው ዝጎ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ቧንቧውን የነካ ሰው ብቻ ነው።»

«የእሷ ምክንያት ይሄ ነው?»

ጭራሮ ልትዋሸው ትችል ነበር። እሱም ብትዋሸው ያምናት ነበር። «በእርግጠኝነት ይሄ ነው ማለት አልችልም። ግን ይመስለኛል ጋሼ።»

ልብስ ሰፊው ደፉ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ግድግዳው ላይ ያለውን የፎጣ መስቀያ ብቻ አየ፤ እሷም አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘኑን አብረው ተቀመጡት።

ዳቦ ጋጋሪው በማግስቱ ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ልብስ ሰፊው በር ላይ ጠበቀው። «ዛሬ አትገባም» አለው። «ቤቴ ሰው የሚገባበት አይደለም። ሲጠገን እኔ ራሴ መጥቼ እጠራሃለሁ።» ሰውየው ግራ ተጋብቶ፣ «ጋሽ ሜትር፣ ሌላ ተከራይ መጣብኝ እንዴ?» ቢለው፣ ሁሉንም ከሥሩ ነገረው። የራሱን ጥፋትም አላስቀረም።

ቤቱ በወጉ ተሠራ። አሮጌው ሽቦ ወጥቶ አዲስ ገባ፤ የመሬት ሽቦው ታሰረ፤ በፊውዙ ፋንታ ጭነት ሲበዛ፣ ኤሌክትሪክም ሲያፈተልክ ሰው ከመያዙ በፊት መስመሩን የሚያጠፋ መቁረጫ ተተከለ። ማሞቂያውም ተለወጠ። ነርሷ በባዶ እጇ ቧንቧውን ስትከፍት መጀመሪያ ፈራች፤ ከዚያ እንደ ልጅ ደጋግማ ከፈተች ዘጋችው። ዳቦ ጋጋሪው ገባ። ልብስ ሰፊው ለወደፊቱም ቃል ገባ፦ ተከራይ በተለወጠ ቁጥር፣ ባይለወጥም በየጥቂት ዓመቱ፣ መስመሩ ይታያል። ተከራዮቹንም ሰብስቦ፣ «የሚነዝር፣ የሚሸት፣ የሚሞቅ ሶኬት ካለ ሳታፍሩ ንገሩኝ። ዝም ያላችሁኝ ቀን ነው የምቀየማችሁ» አላቸው። በእርግጥም የዚያ ግቢ ትልቁ ጥፋት መከባበሩ ነበር፤ እነሱ እሱን ላለማስቀየም ዝም አሉ፣ እሱም ቤቱን ላለማሳማት ዝም አለ፣ ዝም ማለቱም አንዲት ደግ ሴት አስከፈላቸው።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው ከሥራ ሲወጣ የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች በር እያንኳኳ፣ ቤታችሁን በጭራሮ አስመርምሩ ይላል። አንድ ቀን ከመንገድ ማዶ ያሉት ባለ ሰፊ ግቢ ባልቴት ከበር ላይ መለሱት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብስ መስፋቱን ትተህ ቤት መስፋት ጀመርክ አሉ! የኔ ቤት ምንም የለበትም። ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ሆንን?»

«እኔም ልክ እንደዚህ ነበር ያልኩት እትዬ።»

«እና ልጅቷ ምንም ሳታገኝ ብትቀርስ? ትርፉ መንገላታት!»

«ምንም ካላገኘች፣ ምንም የለበትም ብላዎት ትሄዳለች፤ እርስዎም በሰላም ያድራሉ። የኔን ቤት ግን ያየችው ከቀብር በኋላ ነው።»

ባልቴቷ ጥቁር ኮቱን፣ ከዚያም ፊቱን አዩ። መዝጊያውን ወለል አድርገው ከፈቱና ወደ ውስጥ እየመሩት፣ «ማጀቱ ውስጥ አንድ ሶኬት አለ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ልጆቹ እንዳይነኩት ወንበር አስጠግቼበታለሁ።»