በቀጠሮ የመለስሁት ዕርቅ

ባሕር ዳር ሳለሁ አንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። በእርሻ ድንበር የተካሰሱ ሁለት የመሸንቲ ወንድማማቾች፣ ካስታረቋቸው ሽማግሌ ጋር በአንድ ባጃጅ ታጭቀው መጡ። «ታርቀናል፤ መዝገቡን ዝጉልን» አሉ። ዳኛው ቢሯቸው ነበሩ፤ ሄጄ መጠየቁ ግን ታከተኝ። «በቀጠሯችሁ ቀን፣ በወሩ ተመለሱ» አልኋቸው። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ዕርቅ ሲያድር ይሻክራል፤ ዛሬ ብትጨርስልን ምናለ» አሉኝ። «አባቴ፣ ሕጉ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ወሩ ሳይሞላ የእርሻ ወቅት ገባና ድንበሩ ላይ እንደገና ተጣሉ። በቀጠሮው ቀን በሁለት ባጃጅ መጡ፤ ሁለቱም ጠበቃ ይዘዋል። «ሽማግሌውስ?» አልሁት ታላቁን። «አፍረው ቀሩ» አለኝ። እሳቸው ምን አድርገው ያፍራሉ? የዳኛው በር ከወንበሬ አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።