የፍሬኑ አየር

(ደሴ፣ የሠርግ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አቶ አደፍርስ ግቢያቸው ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ከተሰቀለች አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሥር ተጋድመዋል፤ ሙሽራዋ ልጃቸው ሰናይት በስተቀኝ ባለው የሹፌር ወንበር ተቀምጣ የፍሬኑን ፔዳል ትረግጣለች።)

አደፍርስ፦ ርገጪ።

ሰናይት፦ ረገጥኩ።

አደፍርስ፦ ያዢው... ልቀቂ። ደግሞ ርገጪ።

ሰናይት፦ ነገ የሠርግ ጫማ የሚገባበት እግር እኮ ነው፣ አባባ።

አደፍርስ፦ ስንት ዘመን ቆማ የኖረች መኪና ላንቺ ሠርግ ስትነሣ ትንሽ ብትረግጫት ምናለ? ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ካልወጣ ፍሬኑ አይዝም።

ሰናይት፦ አሁን ምን እየወጣ ነው?

አደፍርስ፦ ዘይት ብቻ። የሚወርድበት ብርጭቆ ውስጥ አንድም አረፋ የለም።

ሰናይት፦ ፔዳሉ ግን ወለሉ ድረስ ይገባል። ለምን ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ አልሄድም?

አደፍርስ፦ የአደፍርስ ልጅ በኪራይ መኪና ኮምቦልቻ ትውረድ? ሰፈሩ ምን ይለኛል?

ሰናይት፦ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። መሪው በቀኝ ሆኖ ከባድ መኪና እንዴት ትቀድማለህ?

አደፍርስ፦ አንቺ በግራ ተቀምጠሽ እለፍ ትይኛለሽ። እናትሽም ነፍሷን ይማርና እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ሰናይት፦ በቬል ተሸፍኜ?

አደፍርስ፦ ግለጪዋ! በይ ርገጪ።

ሰናይት፦ ...ረገጥኩ።

አደፍርስ፦ ጎሽ! ወጣ። እንደ ውኃ የጠራ ዘይት ነው። ልቀቂ።

ሰናይት፦ አባባ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አላሳረፍኩም።

አደፍርስ፦ ምን?

ሰናይት፦ አልረገጥኩም። ምንም አልወጣም። ምን አይተህ ነው የጠራ ያልከኝ?

አደፍርስ፦ አባትሽን ትፈትኛለሽ?

ሰናይት፦ ዓይንህን የጋረደህ ከመቼ ጀምሮ ነው?

አደፍርስ፦ ዓይኔ ምንም አልሆነም። እዚህ ሥር ይጨልማል፣ ያ ነው። ደግሞስ ይህን ሞተር በጣቴ ዳብሼ ገጥሜው ይነሣል አይነሣም?

ሰናይት፦ ይነሣል። መንገድ ግን አይዳበስም።

አደፍርስ፦ መንገዱን አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ። ባለፈው እሑድ፣ አንቺ ልብስ ልትለኪ ስትሄጂ፣ በዚህችው መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ተመልሻለሁ።

ሰናይት፦ በዚህ ፍሬን? ከማን ጋር?

አደፍርስ፦ ብቻዬን።

ሰናይት፦ ታዲያ እለፍ ያለህ ማን ነው?

አደፍርስ፦ ክላክስ አደረግሁ። የመጣው ሁሉ ሸሸ።

ሰናይት፦ ...በል ውጣ። አንተ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ፣ እኔ ከሥር ልግባ።

አደፍርስ፦ እንዴ! ሙሽራ ልጅ ዘይት ልትለቀለቅ?

ሰናይት፦ ውጣ አልኩህ፣ አባባ። ቀስ፣ ጭንቅላትህን... በዚህ በኩል። ተቀመጥክ? ርገጥ።

አደፍርስ፦ ረገጥኩ።

ሰናይት፦ ወይኔ! አረፋ ብቻ ነው እኮ። ልቀቅ። ርገጥ። ያዘው።

አደፍርስ፦ አሁንስ?

ሰናይት፦ ገና ነው። ልቀቅ... ርገጥ... ቆይ። አሁን ጠራ።

አደፍርስ፦ ፔዳሉ ደነደነ! ይይዛል አላልኩሽም?

ሰናይት፦ አየር የሚወጣበትን ቡሎን አጥብቄዋለሁ። መፍቻውንም ሣጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

አደፍርስ፦ ተባረኪ። በይ አሁን ከሥር ውጪልኝ፣ ሞተሩን ላስነሣው።

ሰናይት፦ ከወጣሁ ቆየሁ፣ አባባ። ፊት ለፊትህ ነው የቆምኩት።