የወገብ ልክ

ነርስ ነኝ። ወደዚያች ከተማ ከተዛወርኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ከታካሚዎቼና ከቤት አከራዬ በቀር ደህና ዋልሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም። የጋዋኔ ኪስ ባይቀደድ ኖሮ ሽማግሌውን ልብስ ሰፊም አላውቃቸውም።

ሱቃቸውም ቤታቸውም አንዲት ክፍል ናት፤ መሃሏን መጋረጃ ከፍሏታል። ከስፌት መኪናው አጠገብ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ወፍራም ትራስ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ክር ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ልጅቷ ምነው እንዲህ ገረጣች?»

«ኪንታሮት ነው ልጄ። ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ታያለች እንጂ ሌላ የላትም። ቅዝቃዜ ላይ መቀመጥ ነው የሚያመጣው። ለዚህ ብዬ ትራስ ሰፋሁላት። መጀመሪያ ለባለቤቴ ነበር የሰፋሁት፤ ከዚያ ለእናቷ ሆነ። ጥጡን ብቻ ነው የምለውጠው።»

«እነሱስ የት ናቸው?»

«የሉም» አሉና መርፌና ክራቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡ። ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳተ።

ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ትራሱን አንሥቼ መንገድ ላይ ልወረውረው ቃጣኝ። ግን ሽማግሌው ክሩን ለአራተኛ ጊዜ ሲሞክሩ አይቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«አባባ፣ የተማርኩትን ልንገርዎ። ትልቁ አንጀት ውስጥ ትንንሽ እባጮች የሚያበቅል በሽታ አለ። እባጮቹ ይደማሉ፤ ዓመታት ሲያልፉም ወደ ካንሰር የሚለወጡ አሉ። በመቀመጥ አይመጣም፣ ከወላጅ ይወረሳል። ከወላጆቹ አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የልጅቷ ይኸው ነው ማለቴ አይደለም። መታየት ግን አለባት።»

«የት ነው የምትታየው? የእናንተ ጤና ጣቢያ እንደሆነ ለራስ ምታት ክኒን እንኳ ነገ ተመለሱ ነው የሚለው።»

«እውነትዎን ነው። እኛ ደሟን መርምረን፣ ደም የሚተካ ክኒን ሰጥተን ሪፈር እንጽፋለን። አንጀት ውስጥ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ ትልቁ ሆስፒታል ያለው አንድ ነው፤ ወረፋው ሦስት ወር ነው።»

«ታዲያ ማወቁ ምን ይፈይዳል? ባለቤቴ ሳታውቅ ሞተች፤ ልጄ አውቃ ሞተች። ወሬውም ይወጣል። የዚያ ቤት ዘር ናት ከተባለ ማን ያገባታል? እኔ ነገ ሟች ነኝ። ታርጋ ለጥፌባት ብቻዋን ትቻት አልሄድም።»

ልሄድ ተነሣሁ። ጋዋኔን ሳነሣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ጋዋኑ ሰፍቶሻል ልጄ። ምግብ የምትበዪው ብቻሽን ነው መሰለኝ። ልክሽን ልውሰድና ላስተካክለው።»

ለክተውኝ ወፍራም ደብተር ላይ ጻፉ። ለደንበኛ ሁሉ አንድ አንድ ገጽ አለው።

«የባለቤትዎ ልክም አለ?» አልኩ።

«አርባ ዓመት የሞላው ደብተር ነው፤ የሌለ ሰው የለም» አሉ ኮራ ብለው፤ ገጹንም አወጡት።

«የወገቧን ልክ ያንብቡልኝ።»

«ሰማንያ ስድስት። በዓመቱ ሰማንያ ሁለት። ሰባ አምስት።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ስልሳ ስምንት።»

ጣቴን የመጨረሻው ቁጥር ላይ አሳረፍኩ።

«አጠበብኩላት» አሉ። «በከሳች ቁጥር ሰው እንዳያውቅባት ብዬ ልብሷን አጠበብኩላት። ለልጄም እንዲሁ።»

ሳልጠይቃቸው የልጅቷን ገጽ ገለጡ። ዓምና ሃምሳ ስምንት፣ ዘንድሮ ሃምሳ አምስት።

«ቁመቷ ግን ጨምሯል» አሉ ቀስ ብለው።

«እናቷ ሆስፒታል የገባችው መቼ ነበር?»

«መቆም ሲያቅታት።»

«ይቺ ገና ትሮጣለች አባባ። እባጮቹ ጥቂት ከሆኑ በዚያው መሣሪያ ይቆረጣሉ፤ ከዚያ በቀጠሮ እየተመላለሰች ትታያለች። በጣም ከበዙም ካንሰር ሳይሆኑ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሰው ያለ ትልቁ አንጀት ይኖራል። ብቻዋን የሚያስቀራት ወሬው አይደለም፣ ዝም ማለታችን ነው።»

ደብተሩን ዘጉና «እኔንስ ለምን ተወኝ?» አሉ። «ሁሉም ሲሄዱ እኔ ለምን ቀረሁ?»

«የሚወረሰው በባለቤትዎ ዘር ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ በዚያ ደም የሉበትም።»

ላጽናናቸው ብዬ ነበር፤ የባሰ ብቻቸውን ያስቀረኋቸው መሰለኝ። በማግስቱ ግን ልጅቷን በአንድ እጃቸው፣ ደብተሩን በሌላው ይዘው ጤና ጣቢያ መጡ።

መሣሪያው ተበላሽቶ ሦስቱ ወር አምስት ሆነ። ዘጠኝ እባጭ ተቆርጦ ወጣላት፤ ምርመራው በሽታው የሚወረሰው ዓይነት ነው አለ፤ ካንሰር ግን አልተገኘባትም። በየዓመቱ ትታያለች፤ ክኒኑም ደሟን መልሶታል። ሽማግሌውም ወሬውን ፈርተው ለዓመታት የሸሿቸውን የባለቤታቸውን ወንድም ልጆች ፈልገው ነገሩን ነገሯቸው። ሁለቱ ወረፋ ይዘዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ የገረጣ ልጅ ሲመጣ ቤታቸው ውስጥ ማን በምን እንደሞተ እጠይቃለሁ፤ ለመጠየቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው እሄዳለሁ። ትራሱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ቀሚሷ ጠቧት መጣች። ለኳት፤ ስልሳ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ለኩ፤ ያው ስልሳ ነው። ከዚያ ቀሚሱን ገልብጠው፣ ሰፋ እንዲል የጎኑን ስፌት መፍታት ጀመሩ። የገዛ ቤታቸውን ሰው ልብስ ሰፋ ካደረጉ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።