«ግርማ» የሚለው ዋይፋይ

የኮሌጃችን ዋይፋይ ተቀየረና፣ እየዞርኩ ከየኮምፒውተሩ ላይ የድሮ ኔትወርኮችን እንዳጠፋ ታዘዝኩ። ምን ልበላችሁ፣ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። በመጨረሻ የግቢው በር አጠገብ ያለው ሬጅስትራር ቢሮ ገባሁ። እትዬ አልማዝን ከወንበራቸው አስነሥቼ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። «ግርማ» የሚል ስም ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«እሱን ተወው፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ሁሉም ይጥፋ ተብሏል እኮ። ይሄ ደግሞ የሰው ስልክ ነው፣ የግቢው አይደለም።»

«የባለቤቴ ነው» አሉ። «ወለንጪቲ ሥራ ውሎ ሲመለስ በሞተር ይወስደኝ ነበር። ሚስኮል ማድረግ አይወድም። እዚህ መስኮት ሥር ቆሞ የስልኩን ሆትስፖት ይከፍታል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይይዘዋል። ስሙን ሳይ ቦርሳዬን አነሣለሁ።»

ጥቁር መልበሳቸውን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው «አሁንም ይፈልገዋል?» አሉኝ።

«በከፈቱት ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፣ እትዬ። ሲያጣው ነው ወደ ግቢው ዋይፋይ የሚሄደው።»

አዲሱን ጫንኩላቸው፤ «ግርማ»ን አልነካሁትም። አለቃዬ ከጠየቀኝ ይጠይቀኝ! ስወጣ የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር። ዘወር ብዬ ባይ፣ እትዬ አልማዝ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የስክሪኑን ጥግ ያያሉ።