ከፊቴ የተቀመጠው ሰው

የደም ግፊቴን ልለካ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ሎጋውን እዚያ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሎጋው ያልነው በቁመቱ ነው። ሕዝብ መርጦን ምክር ቤት ገብተን አሥር ዓመት አብረን ስንቀመጥ፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ እርሱ ደግሞ ልክ ከጀርባዬ። እኔ ባለፈው ምርጫ በቃኝ ብዬ ወጣሁ፤ እርሱ ግን ዛሬም እዚያው ነው።

አሞት እንዳልመጣ ነገረኝ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ የእህቱ ልጅ ናት፤ እሷ ናት ያስጠራችው። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን ገርበብ ያለው በር ላይ «ማዋለጃ ክፍል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ውስጡ ግን እስከ ጣሪያው የተሰባበረ ወንበርና ባዶ ካርቶን ተከምሮበታል።

አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። የእኔንም ጤንነት በትሕትና ጠይቃ፣ እዚያ መገኘቴ ደስ እንዳላት ተናገረች። ከዚያ ለአጎቷ ጉዳይዋን ገለጸችለት። የፊታችን ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በመረጡት ሰዎች ፊት ቆሞ፣ ምክር ቤት የገባ ቀን የማለውን መሐላ እንዲያነብና እንዴት እንደፈጸመው እንዲናገር ትፈልጋለች።

የሎጋው ፊት ጠቆረ።

«ልጄ፣ መሐላ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው» አላት። «ሰው ሰብስበሽ ድገም ስትዪኝ ጠረጠርሽኝ ማለት አይደለም እንዴ? የማንንም ጉቦ አልበላሁም። መሐላዬን ጠብቄያለሁ።»

ስለ ጉቦው እውነቱን ነው፤ እኔም እመሰክርለታለሁ። ነገር ግን እርሱ ብቻ ሳይሆን ሁላችንም የምናስበው እንዲህ ነበር። ካልሰረቅን መሐላው የተፈጸመ ይመስለናል። የቀረው ወንበር ላይ መቀመጥና ሲሉን እጅ ማንሳት ነው።

«ጉቦ እንዳልበሉማ አገር ያውቃል፣ ጋሼ» አለችው። «እኔም ስመረቅ ምያለሁ። ከታካሚ አልሰርቅም ብዬ ግን አይደለም የማልኩት። የምችለውን ሁሉ ላደርግላት ነው።»

ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ የሆነውን ነገረችን። ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው ሕግ ሐኪም የሌለው ጤና ጣቢያ ማዋለድ አይችልም ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሐኪም ግን አልተላከም። የማዋለጃው ዕቃ ተጭኖ ሄደ። በወሩ አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት በቀትር መጣች። አዋላጇ አብራት መኪና ላይ ወጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጉዞ ጀመሩ። ሕፃኑ መንገድ ላይ ተወለደ፤ አላለቀሰም። እንዲተነፍስ የሚረዳው መሣሪያ ከዚህ ክፍል ከተወሰደ ሠላሳ ቀኑ ነበር። እጇ ላይ ሞተ።

ከኪሷ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋች። የመሐላው ቃል ነው። «የሚቀርብልኝን ሁሉ መርምሬ፣ በሕሊናዬ ፈራጅነት ብቻ ድምፄን እሰጣለሁ» የሚለውን አነበበችለት።

«ያንን አንቀጽ አንብበውት ነበር?» አለችው።

ሎጋው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ሕጉ ወፍራም እንደነበረ፣ ሐሙስ ታድሎ ዓርብ ድምፅ እንደተሰጠበት ተናገረ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፦

«ከፊቴ የተቀመጠው ሰው እጁን አነሳ። የተማረ ነው፣ አንብቦ ነው ብዬ እኔም አነሳሁ» አለ።

ስም አልጠራም። ከፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እኔም አላነበብኩትም ነበር። ከፊቴ ያሉት እጃቸውን ሲያነሱ አየሁ፤ የምሳ ሰዓት አልፎ ርቦኝ ነበር፤ አነሳሁ። በዚያች ደቂቃ እዚያው መናገር ነበረብኝ። ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ላዋርድዎት አይደለም» ስትል ቀጠለች። «በዓመት አንዴ እዚያ አዳራሽ እንደሚቆሙ ካወቁ፣ እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት ያነባሉ። ጊዜው ካነሰዎ ጊዜ ስጡኝ ይላሉ። ረቂቁን ቀድመው ቢያሳዩን ኖሮ ደግሞ፣ ይኸ አንቀጽ ይጎዳናል ብዬ እኔው ጽፌ እሰጥዎት ነበር።»

«ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁ። ስቀው ይተዉዎታል።»

ሎጋው በበሩ አሻግሮ የወንበሩን ክምር አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አላት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ እኔም ከሰዉ መሀል ተቀመጥኩ። ሎጋው መሐላውን ማንበብ ጀመረ፤ «መርምሬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሕጉን ሳያነብ እጁን እንዳነሳ ተናገረ። ማንም አልሳቀም። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያያት ማን እንደሆነች ገባኝ፤ ልጇ የሞተባት እናት ናት።

«ታዲያ ከእናንተ መሀል ያነበበው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ሎጋው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። ወደ እኔ ዞሮ እንኳ አላየም። ስሜን ቢጠራው ይሻለኝ ነበር። የፊቴን ወንበር መደገፊያ ይዤ ተነሳሁ።

«እኔ አላነበብኩም» አልኩ። «እርሱ ያመነው እኔን ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ አዳራሽ መሐላው በየዓመቱ ይነበባል። ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ሎጋው አባዝቶ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ነርሱም፣ ሾፌሩም፣ ግንበኛውም የታየውን ጽፎ ይሰጠዋል። ሁለት ጊዜ «አላነበብኩትም፣ ቀን ጨምሩልኝ» ብሎ ምክር ቤቱን አስቁሟል። በመጀመሪያው ተንጫጩበት፤ በሁለተኛው ሌሎች ሰባት ሰዎች አብረውት ተነሱ። ያ አንቀጽም ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በሰባተኛው ወር ተሻሻለ። ወንበሮቹ ወጡ፣ ዕቃው ተመለሰ፣ አዋላጇም የክፍሉን ቁልፍ ተቀበለች። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም የመረጥከው ሰው ካለ፣ ሰረቅህ ወይ ብለህ ብቻ አትለፈው። አነበብከው ወይ በለው። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ ይህን የምለው ግን ለማመካኛ አይደለም።

ክፍሉ የተከፈተ ዕለት እናትየዋ ተጠርታ ነበር። አልመጣችም።