ባለ አንድ እግሩ ጋሪና ጋሽ አይላቀቄ

በሰፈሩ እኚህን ብረት ሠሪ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ አይላቀቄ» ነው የሚላቸው። የሠሩት ዶማ ከእጀታው ተላቅቆ አያውቅማ! ብረቱን አግለው እጀታውን ከሰኩበት በኋላ፣ ወፍራም ችንካር ወዲህና ወዲያ አሳልፈው ሁለቱንም ጫፍ በመዶሻ ይደፈጥጡታል። ከዚያ ወዲያ እጀታው ይሰበር እንደሆነ እንጂ አይወልቅም። በቅጽል ስማቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ደንበኛ «ጋሽ አይላቀቄ!» ብሎ ሲጣራ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሄዱ፣ በብስክሌት ጠጋኙ ደጃፍ የእህታቸውን ልጅ አገኟት። ልጅቷ የብረታ ብረት ትምህርቷን በቅርቡ ጨርሳ የወጣች ናት፤ አጎቷ ሊያበሽቋት ሲፈልጉ «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ያን ዕለት ኢንጂነሯ ጉንጯ ድረስ ቅባት ተለቅልቃ፣ አንድ የብስክሌት የፊት ጎማ ከነሹካው ታቅፋ፣ ጥርስ በጥርስ ሆና ቆማለች።

«ጉድ ነው! ሰው ሁሉ ብስክሌት ይገዛል፤ አንቺ ጎማ ብቻ ይዘሽ ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ አይላቀቄ።

«ደህና አደሩ ጋሼ! ሌላው አያስፈልገኝም። ጋሪ ልሠራ ነው።»

«በአንድ እግር?»

«በአንድ እግር። በእጅ የሚገፋ። ለእማዬ።»

«እናትሽ ደግሞ ምን የምትጭነው ነገር አላትና?»

«ዕቃ አይጫንበትም ጋሼ። ሆዱ ሥር መኮትኮቻ ይገጠምለታል። እማዬ ቀጥ ብላ ቆማ እየገፋች ትኮተኩታለች። ኩትኮታው ሲያልቅ መኮትኮቻው ይወልቅና ቦይ ማውጫው ይገባል፤ እሱም ሲበቃው ይወልቅና ጥርሳሙ መሬት ማለስለሻ ይገባል። ጋሪው አንድ፣ መሣሪያው የፈለጉትን ያህል!»

«ይወልቅና» የሚለው ቃል የጋሽ አይላቀቄን ጆሮ ቆረቆረው። ደጋግማ ማለቷ ደግሞ ባሰባቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እኮ እኔ የሠራሁላት ዶማ አላት። ለሠርጓ የሰጠኋት! እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።»

«ዶማውማ ንቅንቅ አላለም ጋሼ። የእማዬ ወገብ ነው የተነቃነቀው።» ይህን ስትል ከፊቷ ላይ ያ ሁሉ ሳቅ ጠፋ። «ጎንበስ ካለች በኋላ ቀና የምትለው አጥር ይዛ ነው። ትናንት ለጎረቤታችን ‹ዝናቡ ሳይገባ አርሜ ካልጨረስኩ ጓሮውን አንተ ውሰደው፤ እኔስ በቃኝ› ስትለው ሰማኋት።»

ጋሽ አይላቀቄ ክው አሉ። ያቺን ጓሮ ያውቋታል። እህታቸው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ልጃቸውን አብልተው፣ አልብሰው፣ አስተምረው ለወግ ያበቁት በዚያች ጓሮ ሽንኩርትና ጎመን ነው። እሷን ለሰው መስጠት ማለት ለእህታቸው እጅና እግርን መስጠት ነው።

«ለእኔ እኮ አንድም ነገር ትንፍሽ አላለችኝም!»

«እንዴት ትንገርዎት? ‹ዶማህ ጎዳኝ› ያልኩት ይመስለዋል፣ ይከፋዋል ትላለች።»

አጎትየው ጎማውን ከእጇ ተቀበሏትና ወደ ሱቃቸው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ዘወር ብለው፣ «ብረቴም ማሽኔም ያንቺ ነው፤ እኔም ያንቺ ነኝ። ነገር ግን ተናግሬያለሁ፤ የሚወልቅ ነገር ከእኔ ሱቅ አይወጣም!» አሏት።

የብረት ሠሪው ሱቅ ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የከሰል ምድጃና ወናፍ፣ በሌላው የብየዳ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ዶማ፣ አካፋ፣ መጥረቢያ፣ ሁሉም ከየእጀታው ጋር ተደርድሯል። ልጅቷ ጠመኔ አውጥታ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበረከከችና መሣል ጀመረች። ከፊት ጎማው፤ ከጎማው ወደ ኋላ የተዘረጋ ወገብ፤ ከወገቡ ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች፤ ከወገቡ ሥር ወደ ታች የቆመች አጭር ካሬ ቱቦ።

«እቺ ቱቦ የነገሩ ሁሉ ልብ ናት ጋሼ» አለች ጠመኔውን እየነቀነቀች። «የየመሣሪያው አንገት ካሬ ስለሚሆን ቱቦዋ ውስጥ ገብቶ አይሽከረከርም። በጎን በኩል ፒን ይገባበታል። በቃ! ፒኑን መዘዝ፣ መሣሪያውን ለወጥ።»

«ፒን!» አሉ ጋሽ አይላቀቄ፣ እንደ ስድብ። «እሺ፣ ልጠይቅሽ። ሰው እኮ ዶማ ወደ ላይ አንስቶ ነው የሚመታው፤ ኃይሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ገፍቶ የሚቆፍር ማን አለ?»

«ለጠንካራ መሬት ልክ ነዎት፤ ዶማ ያስፈልጋል። የእማዬ ጓሮ ግን ሲታረስ የኖረ ለስላሳ አፈር ነው። አረም ደግሞ ሥሩ ላይኛው አፈር ላይ ነው ያለው። ለሱ ብሎ ሰው ዶማን ያህል ብረት ቀኑን ሙሉ ማንሳትና መጣል አለበት? ክብደቱን ጎማው ይሸከምላት፤ ምላጩ ከአፈሩ ሥር እየተሳበ አረሙን ይቁረጠው። ለእሷ የሚቀራት መግፋት ብቻ ነው።»

«ደህና። ግፊቱን ተቀበልኩሽ። ታዲያ ሦስት መሣሪያ ከሆነ ለምን ሦስት ጋሪ አንሠራላትም? እያንዳንዱ በገዛ ወገቡ ላይ ጥብቅ ብሎ!»

«ሦስቱን የት ታስቀምጣቸዋለች? አልጋዋ ላይ? ደግሞስ ሦስት ጎማ፣ ሦስት ወገብ፣ ስድስት እጀታ፣ ይሄ ሁሉ ብረት የሚባክነው ለምን ብሎ ነው? ሥራው ተራ በተራ እንጂ ባንዴ አይመጣ! ዛሬ ሦስት መሣሪያ ነው ያልነው፤ ነገ እርስዎ አራተኛ ቢያስቡላትስ? አራተኛ ጋሪ ሊሠሩ ነው?»

አራተኛ መሣሪያ! ጋሽ አይላቀቄ ጠመኔውን ከእጇ ተቀብለው ወለሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ጫሩ። ምክንያቱም አራተኛውን በእርግጥ ማሰብ ጀምረው ነበር፤ ዘር መዝሪያ መስመር የምታወጣ ቀጭን ሹል ነገር። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ ክርክሩን ባይቀበልም ሥራው ይስበዋል።

እናም ገቡበት! እሳቸው ያግላሉ፣ እሷ ትለካለች፤ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እሷ ትሞርዳለች። «ምላጩን ትንሽ ወደ ፊት ደፋ አድርጊው፣ አለዚያ አፈሩ ላይ ይንሸራተታል!» «ልክ ነዎት ጋሼ!» «እጀታው ረዘመ!» «አልረዘመም፣ እማዬ ክርኗ እዚህ ጋ ነው!» ከውጭ የሚሰማ ሰው የሚጣሉ ይመስለዋል። ምሳም አላማራቸው። ጎማውን ሲገጥሙትና ጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቋ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲንከባለል፣ ጋሽ አይላቀቄ ዕድሜያቸውን ረስተው «እሰይ!» ብለው ዘለሉ።

«እማዬን ልጥራት! እጀታውን በቁመቷ እናየዋለን» አለችና ልጅቷ በሩጫ ወጣች።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው በዚህች መሐል ነው። ጋሽ አይላቀቄ ብቻቸውን ሲቀሩ ጋሪውን ያዝ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት። ቃ፣ ቃ፣ ቃ አለ። የመኮትኮቻው አንገት በቱቦዋ ውስጥ በጥቂቱ ላልቷል፤ ተመዝዞ እንዲገባ ላላ ማለት ነበረበት። ለእሳቸው ግን ያቺ ድምፅ ውርደት ናት። በዕድሜያቸው ከእጃቸው የወጣ ብረት ቃ ብሎ አያውቅም። ለእህታቸው፣ ያውም ሳያውቁ ወገባቸውን ለጎዱባቸው እህታቸው፣ የሚንኳኳ ነገር ሊሰጡ? አያደርጉትም! የብየዳ መነጽራቸውን አጠለቁና የመኮትኮቻውን አንገት ከቱቦዋ ጋር ዙሪያውን በየዱት። ብየዳው እንዴት ያምራል! ቢፈልጉ ፒኑንም መተው ይችሉ ነበር፤ ለአስተማማኝነቱ ሲሉ እሱንም በየዱት።

ልጅቷ እናቷን ይዛ ስትመለስ ጋሽ አይላቀቄ ፊታቸው በርቷል። «እትዬ፣ ነይ እይ! ንቅንቅ አይልም!»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ብየዳውን በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። «ጋሼ… በየዱት?»

«ዙሪያውን! ምን ሆነሻል?»

«አንድ መኮትኮቻ ሆነ እኮ! ሌሎቹስ የት ይግቡ?»

«አንቺ ደግሞ! ዋናው ኩትኮታው አይደል? ለሌላው ዶማዋ አለላት።»

እናትየው ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ጥሉን ማብረድ ፈለጉ። «በሉ ተዉ፤ እስቲ መጀመሪያ ይሞከር» አሉ።

ሦስቱም ጋሪውን ይዘው ወደ ጓሮ ወረዱ። እናትየው እጀታዎቹን ያዙ፣ ገፉ፤ ምላጩ አፈሩ ሥር ሰርጎ አረሙን ወደ ግራና ቀኝ እያጋደመ ሄደ። «ውይ! ውይ ልጄ! ቆሜ እኮ ነው!» እያሉ እየሳቁ አንዱን የሽንኩርት መደብ እስከ ጫፍ አወጡት። ተመልሰው ሁለተኛውን ያዙ። ጋሽ አይላቀቄ «አላልኩሽም?» የሚል ዓይን ወደ ልጅቷ ወረወሩ።

ሦስተኛው መደብ ጋ ሲደርሱ የውኃው ቦይ በደለል ተደፍኗል። እናትየው ጋሪውን አቆሙትና፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አጥሩ ሥር ከተጋደመበት ያን የሠርግ ዶማ አነሡ። ጎንበስ አሉ። አንዴ መቱ። ሁለተኛውን ሊመቱ ሲያነሡ እንዳጎነበሱ ቀሩ። አንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዟል፤ ሌላኛው አጥሩን ይፈልጋል። ድምፅ እንኳ አላወጡም፤ ሲለመድ እንዲያ ነው።

ጋሽ አይላቀቄ ይህን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። እህታቸው ሁልጊዜ እሳቸው ሲመጡ ቀና ብለው ነው የሚቀበሏቸው። ሮጠው ደግፈው አነሷቸው። ከእጃቸው ዶማውን ሲቀበሉ፣ እጀታው እንደ ጥንቱ ድርቅ ብሎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«አይ ወንድምዓለም፣ ደህና ነኝ» አሉ እህታቸው። «ዶማው ምንም አላደረገኝም። እኔው አርጅቼ ነው።»

«ዝም በዪ እትዬ!» አሉ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፈው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጥንካሬ ማለት ብረቱ አለመላቀቁ ይመስለኝ ነበር። ዶማውን የያዘው ሰውስ? ሰውየው ሲላቀቅ ምን ይጠቅማል?» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ምን ቆመሻል! ያዢው፣ ሱቅ እንሂድ!»

ጋሪውን ሁለቱም እየገፉ፣ እየተሽቀዳደሙ ተመለሱ። ጋሽ አይላቀቄ የብረት መቁረጫውን ሲያነሡ እጃቸው ጥቂት ቆም አለ። የገዛ ብየዳቸውን ቆርጠው አያውቁም። ከዚያ ግን «ሂድ ወደዚያ!» አሉና ፍንጣሪው ሱቋን ሞላት። አንገቱ ወለቀ። ልጅቷ አጨበጨበች።

«ቆይ፣ አትቸኩይ» አሉ። «መንኳኳቱንስ ምን እናደርገዋለን? ቢንኳኳ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ቱቦውን ብናጠበው መሣሪያው አልገባ ይላል ጋሼ። እኔንም እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

«ሽብልቅ ብናደርግለትስ? በፒኑ ፈንታ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ቀጭን የሆነ ሽብልቅ። ከላይ በመዳፍ ሲመቱት ይጠብቃል፤ ከሥር ሲመቱት ይለቃል!»

ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ጋሼ! የኔን ፒን እርሱት! የርስዎ ይሻላል!»

በማግስቱ እናትየው በዚያው ጋሪ ኮተኮቱ፤ ሽብልቁን ከሥር በመዳፋቸው ቸብ አድርገው መኮትኮቻውን አውልቀው ቦይ ማውጫውን አስገቡና ቦዩን ጠረጉ፤ በማለስለሻው ደግሞ ለጎመኑ አዲስ መደብ አዘጋጁ። ሁሉንም ቆመው! ውኃው በቦዩ ሲወርድ ጎረቤትየው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ታዲያ ጓሮውስ?» ቢላቸው፣ «የምን ጓሮ? ይልቅ አንተም እዘዝ፣ ይሠራልሃል!» አሉት።

እሱም አዘዘ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጋሽ አይላቀቄ አሁን ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እንደ አስተማሪ ይናገራሉ። «ስማ ወዳጄ፤ አንዱ ጋሪ ለሁሉም መሣሪያ ይበቃል። ብረት አይባክንም፣ ቤት አይጠብም። ምላጩ ቢደንዝ ምላጩን ብቻ አምጣልኝ፤ ጋሪህ ሥራ አይፈታም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናትህም፣ ሚስትህም፣ አንተም ቀና ብላችሁ ትሠራላችሁ።» ደንበኛው ተጠራጥሮ «የእርስዎ ሥራ ይላቀቃል እንዴ?» ሲላቸው፣ ሽብልቁን ከሥር ቸብ አድርገው ያወልቁና «እንዴታ! ይኸው!» ይላሉ፤ ደረታቸውንም ነፋ ያደርጋሉ።

ከዝናቡ በኋላ አንድ ቀን እህታቸው ያን የሠርግ ዶማ ይዘው ወደ ሱቋ መጡ። ልጅቷም ምድጃው አጠገብ ነበረች።

«ወንድምዓለም፣ ያ ባለፈው የነገርከኝ አራተኛ መሣሪያ አለ አይደል? መስመር ማውጫው? ከዚህ ብረት ሥራልኝ። ስጦታህን ሌላ ብረት እንዲተካብኝ አልፈልግም።»

ጋሽ አይላቀቄ ዶማውን ተቀብለው አገላበጡት። እጀታው በእህታቸው መዳፍ ተፍቆ አብረቅርቋል። የችንካሩ ሁለት ጫፎች ያን ጊዜ በጎልማሳ ክንድ እንደደፈጠጧቸው ናቸው።

«እንዳይላቀቅ አድርጌ ነበር እኮ የሠራሁት» አሉ እየሳቁ፣ ዓይናቸውም እንባ እያቀረረ። «በይ ኢንጂነሯ፣ መሮውን አቀብዪኝ።»

ችንካሩ አስቸገራቸው። መቱት፣ አጋሉት፣ ደግመው መቱት፤ ላባቸው ጠብ አለ። በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ሲወልቅ፣ እህታቸው ከተቀመጡበት በርጩማ ላይ ማንንም ሳይዙ ብድግ አሉና «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ።