እሜቴና የታሰረው ክዳኗ

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ሳይጠይቁኝም እናገራለሁ፤ አመሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ልሳፈር ስሄድ የቀድሞ ጎረቤቴን፣ ሽማግሌውን ሹፌር፣ ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በናፍጣ የምትሄደው ፒክአፓቸው ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ካለው ፌርማታ ላይ ደግሞ ባለቤታቸው ቅርጫት ታቅፈው ቆመዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። እሜቴን እያሳረፍኳት ነው። ግማሽ ሰዓት ከሄደች ይደክማታል፤ ዕድሜ ነው።»

ባለቤታቸው ጆሯቸው ቀጭን ነው። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ለማየት ነው የምሄደው!» አሉ ከወዲያ ሆነው። «አብሬው ወጥቼ ነበር፤ ይኸው ገተረችን። እሷን ስጠብቅ ሕፃኗ ጥርስ ታወጣለች! ደግሞ እኔን "አንቺ"፣ መኪናዋን "እሜቴ"!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አብረን ገብተን፣ አብረን ብናቅፋት ነበር ደስታዬ» አሉኝ ቀስ ብለው። አንጀቴን በሉት።

ከፌርማታው ወንበር አንዲት ወጣት ተነሥታ መጣች። የከተማችንን ሆስፒታል የናፍጣ ጄኔሬተር የምትጠግን ቴክኒሻን ናት፤ ያስተማርኳት ልጅ ስለሆነች ኮራ ብዬ አስተዋወቅኋት።

«አባባ፣ ባያት ይፈቅዱልኛል?»

«ልጄ፣ ጄኔሬተር ቆሞ የሚሠራ ነገር ነው። መኪና ይሄዳል። ምን አገናኛቸው?»

«የሁለቱም ምግብ ናፍጣ ነዋ! ስትቆም እንዴት ነው? እንደ መብራት ድርግም ትላለች ወይስ እየደከመች?»

«እየደከመች። ጉልበት ታጣለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጸጥ።»

«ወዲያው ሊያስነሧት ሲሞክሩስ ጭስ ታወጣለች?»

«ምንም። ባትሪ ቀየርኩ፤ ማስነሻ ሞተሪኖዋን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች!»

«ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሞተሩ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ባትሪውና ሞተሪኖው ያለ ጥፋታቸው ተቀጡ።»

ልብ በሉልኝ! ልጅቷ እጇን ከመስደዷ በፊት ጠየቀች። እኛ ግን አንድ ነገር ሲበላሽብን መጀመሪያ የምናነሣው መዶሻ ነው።

ከዚያ ወደ ነዳጅ ክዳኑ ሄደች። በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ በላዩ የጎማ ቁራጭ፣ በዚያም ላይ ሽቦ ታስሮበታል።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ውኃ እንዳይገባባት ነዋ! አንድ ክረምት ጉድ ሠርቶኛል። ከዚያ ወዲህ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።»

«ናፍጣው ሲጎድል በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንኩ ናፍጣውን አልለቅም ይላል። ሲያሳርፏት አየሩ ባገኘው ስንጥቅ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ለዚህ ነው አርፋ የምትነሣው።»

«ተረት ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይፍቱት። ጆሮዎንም ይስጡት።»

እያጉረመረሙ ሽቦውን ፈቱ። ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት ታንኩ «እስስስስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ረጅም ነበር።

«ኧረ ጉድ!» አሉ። ግን ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ አይረታም። «ውኃውስ?»

ልጅቷ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታ ናፍጣ በጠርሙስ ቀዳች። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ከናፍጣው በታች ተለይቶ ታየ። «ይኸው፤ ታስሮም ገብቷል። ከናፍጣው ጋር እየመጣ ነው። መድኃኒቱ ማሰር ሳይሆን በየሳምንቱ እንዲህ ማፍሰስ ነው።»

«ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለቷስ?»

«ይቺን ቱቦ ይዩዋት፤ መጋጠሚያዋ ላልቷል። የታፈነው ታንክ ናፍጣውን ወደ ኋላ ሲስብ በዚህ አየር ይገባል። ቱቦዋን ይቀይሩ። አሁን ግን መርፌ ነው የምፈልገው፤ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል።»

ለካ የሽማግሌው ባለቤት፣ እትዬ፣ አጠገባችን ቆመው ኖሯል! የሕፃኗን ኮፍያ የሚሰፉበትን መርፌ አቀበሏት። «አየህ? አንተ ጋራዥ ለጋራዥ ስትንከራተት መድኃኒቱ ቅርጫቴ ውስጥ ነበር!»

ቀዳዳው ተጠረገ፤ የላላው መጋጠሚያ ጠበቀ። ልጅቷ የገባውን አየር ለማስወጣት በእጅ የሚጨመቀውን የናፍጣ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ድረስ ጨመቀች። ቁልፉ ሲዞር እሜቴ ባንዴ ተነሣች።

«ስላረፈች ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«ደግ! ሳናስር፣ ሳናሳርፍ እንሂዳ። ከቆመች እኔ እገፋለሁ» አለች ልጅቷ።

በዚሁ መሐል አውቶቡሱ መጣ። እትዬ አውቶቡሱን አዩ፤ ባላቸውን አዩ።

«ይለፍ!» አሉ እትዬ ለረዳቱ። ወደ ባላቸው ዞረውም «ልጅቷን አምኜ ነው፤ አንተን አይደለም!» አሉ።

ሴቶቹ ጋቢና፣ እኔም አውቶቡሴን ትቼ ከኋላ ከጭነቱ ቦታ ተሳፈርን። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሽማግሌው ለልማዳቸው ጥላ ፈልገው ፍጥነት ቀነሱ። «ንዳ አንተ ሰውዬ! ማን ደከመኝ አለህ?» የሚል የእትዬ ድምፅ እኔ ዘንድ ደረሰ። ዳገቱን ወጣን፤ ሽማግሌው መዝፈን ጀመሩ። ድምፃቸው አያምርም፤ እኔም ግን ተቀበልኳቸው።

ጠይቆ፣ አዳምጦ አንድ በአንድ የመረመረ ሰው ደህናውን ዕቃ አይጥልም፤ መንገድ ላይ አያድርም፤ ሚስቱም በአውቶቡስ አትሄድበትም። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ሕፃኗ ቤት ደረስን።

ሕፃኗ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሦስት ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላለች፤ ግንባሯ አልቦታል። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ጎንበስ አሉና ጥቅሉን ይፈቱ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ እትዬ።

«ዝም በይና ጆሮሽን ስጪ።»

ሕፃኗ ፊቷ ነጻ ሲወጣ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሕፃኗን አንሥተው «በል፣ አንተ ቅደም» ብለው አሳቀፏቸው።